ሁለተኛው ዳሌ

የሽኝቴ ዕለት የሆስፒታላችን ኃላፊ ቆመው ስለ እኔ ጥሩ ጥሩውን ተናገሩ። ጋቢ አለበሱኝ፣ ኬክ ተቆረሰ። "ሲስተር አማረች ይህን ሁሉ ዘመን ሰው ሲደግፉ ኖረዋል፤ ከእንግዲህ የሚያርፉበት ጊዜ ነው" አሉ፤ ተጨበጨበ። ተራዬ ሲደርስ ይህችን ሳላርም መቀመጥ አልሆነልኝም። "እኔ ሰው ደግፌ አላውቅም" አልኩ። "ሰው እንዲለቀኝ ስታገል ነው የኖርኩት። የእኔን ክንድ የሙጥኝ ያለ በሽተኛ ቤቱ ሲገባ አይራመድም።" ጥቂት ሰዎች ሳቁ። የሳቁት አብረውኝ የሠሩት ናቸው።

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ሰው ከነርስነቴ ጊዜ ጀምሮ ሲስተር ሲለኝ ስለኖረ ስሙ እንደዚያው ቀረ። ሥራዬ ወገቡ፣ ጉልበቱ፣ ዳሌው የተጎዳውን ሰው እንደገና ማስኬድ ነበር። በተለይ ግን ዳሌያቸው በብረት የተቀየረላቸው፣ የተቀየረው ደግሞ ላልቶ እንደገና የተቀየረላቸው ወጣቶች እጄ ላይ አልፈዋል። "ለወጣት ድጋሚ ቀዶ ጥገና ትርፉ ድካም ነው" ሲባል ስሰማ ኖሬያለሁ። ዘመድም ይለዋል፣ ባለሙያም ይለዋል። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። የማንንም ፊት ማየት የማያስፈልገኝ ጊዜ ላይ ስለደረስኩ ያየሁትን እናገራለሁ።

ሥራ የጀመርኩት በሀዲያ ገጠር፣ ሀቢቾ ጤና ጣቢያ ነው። ደመወዙ ከቤት ኪራይና ከአስቤዛ አያልፍም ነበር፤ ይህን የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ስለሚያውቀው አላወራውም። ከሀቢቾ ያልለቀቀኝ ነገር የገበያ ቀን ነው። ሰው ሁሉ ወደ ገበያ ሲጎርፍ በየደጁ ተቀምጠው የሚቀሩ ወጣቶች ነበሩ። አንዱ በልጅነቱ ዳሌው መግሎ ቁስሉ ቢድንም መገጣጠሚያው የተበላ ነው። አንዷ ከዛፍ ወድቃ ዳሌዋ ወልቆ፣ ወጌሻ ቢያሸውም ሳይገባ የቀረባት ናት። እንዲህ ያለ ሰው አንዴ ከተቀመጠ ማንም ተነሥ አይለውም። ምግብ ይቀርብለታል፣ ይጸለይለታል። ክፋት የለበትም። ነገር ግን ገና ጢሙ ያልጠነከረ ሰው ጥግ ይዞ ሲያረጅ ማየት ያናድደኝ ነበር። የትምህርት ዕድል ሲመጣ ጓደኞቼ ሌላ ሌላውን ተሻሙ፤ እኔ ፊዚዮቴራፒ ብዬ ተመዘገብኩ። እናቴ "ማሸት ለመማር አዲስ አበባ ድረስ?" አለችኝ።

ዶክተር ጌትነትን ያገኘኋቸው አዲስ አበባ ነው። የአጥንት ቀዶ ሐኪም ናቸው። አባታቸው ከሰሜን መጥተው ሆሳዕና ፍርድ ቤት ሲሠሩ ስለኖሩ ያደጉት እኛው ከተማ ነው፤ ሀዲይኛ ይሰማሉ። ትምህርቴን ጨርሼ ጥቂት ዓመት እሳቸው ክፍል ሠራሁ። ከመጽሐፉ ይልቅ ያስተማረኝ የእሳቸው አመል ነው። ራጁን ከማየታቸው በፊት ጫማ ያያሉ። በሽተኛው ጫማውን እንዲያወልቅ ያደርጉና ገልብጠው ሶሉን ይመለከታሉ፤ የቱ ጋ እንዳለቀ፣ ተረከዙ መሬት ይነካ እንደሆነና እንዳልሆነ። ከዚያ ከበሩ እስከ መስኮቱ ያስኬዱታል። በሽተኛ ተቀምጦ እሳቸው ቆመው አያናግሩም፤ ዝቅ ያለች ዱካ አላቸው፣ ከእሱ በታች ይቀመጣሉ። የመጀመሪያ ጥያቄያቸውም "የት ያምሃል?" ሳይሆን "ምን መሥራት አቃተህ?" የሚል ነው።

አንድ ቀን እግር በእግር የሚከተላቸው ተለማማጅ ሐኪም ስለ አንድ ወጣት አናጢ "ገና ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው፤ አሁን ብንቀይርለት ስልሳ ሳይሞላው ያልቅበታል። ቢጠብቅ ይሻላል" አላቸው።

"እስከዚያ ምን ላይ ይቀመጥ?" አሉት ዶክተር።

የሐኪሙን ሐሳብ ግን አልናቁትም። በኋላ ሁለታችንንም አስቀምጠው አስረዱን። የተቀየረ ዳሌ ዕቃ ነው፣ ያልቃል። ሽማግሌ ቀስ ብሎ ስለሚሄድበት ይቆይለታል፤ ወጣት ያርስበታል፣ ይሸከምበታል፣ ቶሎ ይጨርሰዋል። ሁለተኛው ደግሞ እንደ መጀመሪያው አይሆንም። አጥንቱ ሳስቷል፣ ጡንቻው በጠባሳ ተይዟል፤ መውለቁም፣ ማመርቀዙም፣ ማነከሱም ይበዛል። "ይህን ሳትነግሩት የምትልኩት በሽተኛ አታለላችሁኝ ቢል እውነቱን ነው" አሉ። "ሁለተኛው ያነሰ ነው ብሎ መናገርና ሁለተኛው አይጠቅምም ብሎ መናገር ግን አንድ አይደለም።" እኔ እስከ ዛሬ የቆምኩት እዚህች ልዩነት ላይ ነው።

ሆሳዕና ስመለስ የተሰጠኝ ክፍል ሁለት አልጋና አንድ መስታወት ነበረው። መጋዘን ሊያደርጉት ሁለት ጊዜ ሞክረዋል። ሁለተኛው ጊዜ ካርቶን ይዘው ሲመጡ በሽተኞቼን ከበሩ እስከ መስታወቱ ደርድሬ ሳስኬድ አገኙኝና ካርቶናቸውን ይዘው ተመለሱ። ስለ ቢሮው ጣጣ ይህን ያህል ይበቃል።

ቀዶ ጥገናው የሚሠራው አዲስ አበባ ነው፤ እኔ ጋ የሚመጡት ተሠርተው ሲመለሱ ነው። እዚያ በሆስፒታል ኮሪደር መራመድ ተምረው ይመጣሉ። እዚህ ግን ኮሪደር የለም፣ ጭቃ አለ። ዳሌው የተቀየረ ሰው ጉልበቱን ከዳሌው በላይ አድርጎ መቀመጥ የለበትም፣ እግሩን ማጣመር የለበትም፤ ሊወልቅ ይችላል። ታዲያ በባጃጅ እንዴት ይሂድ? ባለ ባጃጅ ለምኜ ግቢ አስገባሁና እሱ ላይ አሠለጠንኳቸው። መጀመሪያ ጀርባውን ሰጥቶ መቀመጥ፣ ከዚያ ሁለቱንም እግር አንድ ላይ ማስገባት፤ በዝቅተኛው ወንበር ላይ የታጠፈ ብርድ ልብስ። ለመጸዳጃ ቤት መሃሉ የተበሳ ከፍ ያለ ወንበር አናጢ ጋ ያሠራሉ። እግሩ ላጠረበት ጫማ ሰፊው ጋ ወስጄ ሶል አስጨምራለሁ፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ አይደለም፣ ወገቡ እስኪለምደው ቀስ በቀስ።

አሁን ስለ ማርቆስ ልናገር። ማርቆስ ፎንቆ በምትባል ከተማ የስፖርት መምህር ነበር። ደም ስለተቋረጠ የዳሌው አጥንት ሞተበት፤ ሠላሳ ዓመት ሲሆነው ዶክተር ጌትነት ቀየሩለት። እንደ እሱ ቶሎ የተነሳ ሰው አላየሁም። ክራንቹን ከጣለ በኋላ እኔ ቀስ በል ስለው እሱ ይቀድመኝ ነበር። ትምህርት ቤቱ ተመለሰ፣ አገባ፤ ተማሪዎቹን በፊሽካ ሲያሯሩጥ ገበያ የሚሄደው ሁሉ ቆሞ ያየዋል። ብዙ ዓመት በደህና ሠራ። ከዚያ ከተቀመጠበት ሲነሳ ጭኑ ላይ የሚወጋ ሕመም ጀመረው። የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ያመዋል፣ ሲሞቅ ይተወዋል። ምልክቱን አውቀዋለሁ፤ ብረቱ አጥንቱ ውስጥ ላልቷል። ውሎ ሲያድር ሕመሙ እንቅልፍ ነሳው።

ድጋሚ ቀዶ ጥገናው የተሠራው በጥንቃቄ ነው። ዶክተር ያለውን አደጋ ሁሉ ነግረውታል፣ እኔም ነግሬዋለሁ። ሲመለስ ቁስሉ ደርቆ ነበር። ማሠልጠን ጀመርን። አንድ ቀን መስታወቱ ፊት አቁሜው ዳሌው ወደ ጎን እንዳይወድቅ ሳስተካክል ሱሪው ላይ እርጥበት አየሁ።

"ማርቆስ፣ ይህ ምንድን ነው?"

"ላብ ነው ሲስተር። ዛሬ አስጨነቅሽኝ እኮ" አለ እየሳቀ።

ሱሪውን ዝቅ አደረግኩት። ላብ አልነበረም። ከጠባሳው ጫፍ ቢጫ ፈሳሽ ይወጣል፤ ዙሪያው ይሞቃል። እሱም ፊቴን አየና ሳቁን አቆመ። በዚያው ቀን ወደ አዲስ አበባ ላክሁት። ከፍተው አጠቡት፤ በደም ሥር አንቲባዮቲክ ሰጡት። ዳነ ሲባል መልሶ አመረቀዘ። እንደገና አጠቡት። በመጨረሻ ብረቱ በሙሉ ወጣና ዳሌው ባዶ ቀረ። እግሩ አጠረ፤ ከዚያ ወዲህ በሁለት ክራንች ይሄዳል። ማንም ያጠፋው ነገር አልነበረም። ይህ ያጽናናል የሚል ካለ ማርቆስን ፊት ለፊት አግኝቶ ይንገረው።

ማርቆስ ለብዙ ጊዜ ከቤት ሳይወጣ ቆየ። እኔ ስሄድ ሚስቱ ሻይ ታቀርብልኛለች፣ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ዶክተር ጌትነት ለመስቀል ዘመድ ለመጠየቅ ሆሳዕና ሲመጡ ሳይቀሩ ፎንቆ ይሄዱ ነበር። አንዴ አብሬ ሄድኩ። ማርቆስ "ዶክተር፣ ለምን ይመጣሉ? የሚሠሩልኝ ነገር የለም" አላቸው።

"ላይህ ነው የመጣሁት" አሉት። "የዳኑት ይመጡልኛል። አንተን ግን እኔ ካልመጣሁ አላይህም።" በሚቀጥለው ዓመት ስንሄድ ማርቆስ ወንበር አውጥቶ ደጅ ተቀምጦ ጠበቀን። ውሎ አድሮ ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሥራ ሰጠው።

ከማርቆስ በኋላ ወሬው ተቀየረ። በሆስፒታላችንም "ወጣት ለድጋሚ መላክ ይቅር፤ ክራንች ሰጥቶ ማስቀመጥ ይሻላል" የሚሉ በዙ። የሚሉት አዝነው ነው፣ አልቀየምኩም። ግን በስብሰባ ላይ ተነሥቼ "ማርቆስን ለሌላው ሰው ማስፈራሪያ አታድርጉት" አልኩ። "የእሱን ታሪክ ለሁሉም በሽተኛ እናገራለሁ። ከነገርኩት በኋላ የሚወስነው በሽተኛው ነው እንጂ እኛ አይደለንም።" ተጨቃጨቅን። አልተስማማንም። እኔም መላኬን አላቆምኩም።

አየለች የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። የአንጋጫ ልጅ ናት። በልጅነቷ ዳሌዋ መግሎ ተበልቶ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሲሆናት የመጀመሪያው ቅየራ ተሠርቶላት እኔው ነኝ ያስኬድኳት። ከዚያ በፊት አታገባም የተባለች ልጅ ነበረች። አገባች፣ ሁለት ልጅ ወለደች፣ እንሰት እየፋቀች ቆጮ ትሸጣለች። አሁን ብረቱ ላልቶ፣ ግድግዳ ይዛ እየተጎተተች ገባች። ራጁ ላይ የጭኑ ራስ የሚገባበት የብረቱ ኩባያ ከቦታው ተንሸራቷል። ከእሷ ጋር ባሏ ተሾመና የባሏ አጎት አቶ ሃንዲሶ ነበሩ።

ያለውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ የሚያገኙትን፣ የማያገኙትን፣ ማርቆስ የደረሰበትን። አቶ ሃንዲሶ በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ "እግዚአብሔር ይስጥልን" አሉ። "ግን የሰው እግር እንደ ወንበር እግር በየጊዜው አይቀየርም። አንዴ ተሞከረ፣ ተመስገን፣ ልጆች አገኘን። አሁን ትቀመጥ። እኛ እናበላታለን።"

ተሾመ መሬት መሬት ያያል። አየለች ቀስ ብላ "አባባ፣ መብላት አላቃተኝም" አለቻቸው። "ያቃተኝ መነሣት ነው።"

ወደ እኔ ዞረች። "ያ መምህር አለ ያሉኝ፣ ያናግረኛል?"

ማርቆስን አስፈቅጄ ፎንቆ ወሰድኳት። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር። እሷ እምቢ ብትል ግድ የለኝም፤ እሱን ግን ዳግመኛ ማሳዘን አልፈለግኩም። ደጁ ላይ ተቀመጡ፤ እሷ ከፍ ባለ ወንበር፣ እሱ ክራንቹን ጭኑ ላይ አጋድሞ። ምንም ሳትሸፋፍን ጠየቀችው።

"ይቆጭዎታል?"

"መጨረሻውን ባውቅ ሁለተኛውን እሺ አልልም ነበር። ግን ያኔ መጨረሻውን አላውቅም፤ የማውቀው ሕመሙን ነው። አንቺም ታውቂዋለሽ።"

"አውቀዋለሁ።"

"እንግዲያው ስሚ። ሂጂ ብዬ አልልክሽም። ላለመሄድም እኔን ምክንያት አታድርጊኝ። እኔ በዚህ ነገር ብዙ ነገር አጥቻለሁ፤ ደግሞ የሰው ሁሉ ማስፈራሪያ ሆኜ መኖር አልፈልግም። ፈርተሽ ከቀረሽ የፈራሽው አንቺ ነሽ፤ ማርቆስ አስቀረኝ እንዳትዪ።"

ስንመለስ በሚኒባስ ሆሳዕና ልንገባ ስንል "ሲስተር፣ ለዶክተር ይደውሉላቸው" አለችኝ። አቶ ሃንዲሶ ተቆጡ፤ ለሁለት ወር ያህል ቤቷ አልመጡም። ተሾመ ግን ልጆቹን ለእናቱ ሰጥቶ አብሯት ሄደ።

ቀዶ ጥገናው ረጅም ነበር። አጥንቷ እንደ እንቁላል ቅርፊት ሳስቶ ስለነበር ዶክተር ጭኗ ውስጥ የሚዘልቀው ግንዱ የረዘመ ብረት አስገቡላት። ለሳምንታት የእግሯን ጣት ብቻ መሬት እንድታስነካ እንጂ ክብደቷን እንዳታሳርፍበት ታዘዘች። እኔ ጋ ስትመጣ ጭኗ ከስቶ ክንዴን አክሏል። ከመኪና ጎማ ውስጥ ከሚወጣው ላስቲክ ቁራጭ ቆርጬ ቁርጭምጭሚቷ ላይ እያሰርኩ እግሯን ወደ ጎን እንድትገፋ አደረግኩ። ዳሌን የሚይዘው ያ የጎን ጡንቻ ነው፤ እሱ ከተኛ ሰው እንደ ዳክዬ ይሄዳል። ታለቅሳለች፣ ትገፋለች። "ዛሬ ይቅርብኝ" ስትለኝ "እሺ፣ ነገ ግን እጥፍ ነው" እላታለሁ። አንድም ቀን አልቀረችም።

ቤቷ ከገባች በኋላ አንዴ ወለቀባት። ልቅሶ ቤት ዝቅ ያለ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ስትነሳ ነው። በቃሬዛ ሆሳዕና አመጧት፤ አስተኝተው መለሱት። ኩርፊያቸውን ረስተው አብረው የመጡት አቶ ሃንዲሶ አልጋው አጠገብ ቆመው "አላልኳችሁም?" አሉ። አየለች ከማደንዘዣው ገና እየነቃች ነበር። "ወለቀ፣ ገባ። አልሞትኩም አባባ" አለቻቸው። ሽማግሌው ሊቆጡ አሰቡና ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልቅሶ ቤት ቀድመው እየገቡ ከፍ ያለ ወንበር የሚያስቀምጡላት እሳቸው ናቸው።

የቀረው እንሰቱ ነበር። የእኛ አገር ሴት እንሰት ስትፍቅ መሬት ተቀምጣ፣ አንድ እግሯን ሽቅብ አንስታ በተረከዟ ቅጠሉን ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ ትይዘዋለች። ለተቀየረ ዳሌ ከዚህ የባሰ አቀማመጥ የለም። "ተዪው" ልላት ነበር። እሷ ግን አንጋጫ ጓሮዋ ወሰደችኝና ያሰበችውን አሳየችኝ። ሳንቃውን ከፍ አድርጋ ከምሰሶ ጋር አስራዋለች፤ ቅጠሉን በእግር ፋንታ በገመድና በሽብልቅ ትይዘዋለች፤ ቆማ ትፍቃለች። ገመዱ ይላላል፣ ሥራውም ከጎረቤቶቿ ይዘገያል። ሳንቃው ዝቅ ብሎ ወገቧን እንዳያጎብጣት ከፍታውን አብረን አስተካከልን፤ ጤነኛዋን እግር ከፊት፣ የተሠራችውን ከኋላ እንድታደርግ አሳየኋት። ጎረቤቶቿ መጀመሪያ ሳቁባት። አሁን ወገባቸውን የሚያማቸው ሁለቱ እንደ እሷ ቆመው ይፍቃሉ።

ውጤቱ ይህ ነው። ታነክሳለች። በጭቃ ወራት ዱላ ትይዛለች። ከባድ አትሸከምም፣ ቆጮውን ተሾመ ነው የሚያወጣላት። ሌሊት ግን ትተኛለች፤ ሰው ሳትይዝ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፤ ልጆቿን አሳድጋለች። ከእሷ የተሻሉም አሉ፣ ከእሷ የባሱም አሉ። እንደ ማርቆስ የሆኑም አሉ፣ አልደብቅም። ነገር ግን "አይጠቅምም" የሚለውን ቃል አየለች ፊት ቆሞ የሚናገር ሰው እስካሁን አልመጣልኝም።

በቅርቡ ቤቴ መጣች። አዲስ አበባ ለክትትል ሄዳ ነበር። ዶክተር ጌትነት አሁን ቢላዋ ማንሳት ስላቆሙ ያያት በቦታቸው የተተካው ሐኪም ነው። ኩባያው ትንሽ መነቃነቅ ጀምሯል፤ አሁን አያስፈልግም፣ አንድ ቀን ግን ሦስተኛ ሊኖር ይችላል ብሏታል። ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋ አልተለወጠም።

"ሰዎች ምን እንደሚሉኝ ያውቃሉ ሲስተር? 'ያኔ ብትተይው ኖሮ ከዚህ ሁሉ ትገላገዪ ነበር' ይሉኛል።"

"ምን አልሻቸው?"

"የቆምኩባቸውን ዓመታት ልመልስላችሁ? አልኳቸው።" ሻይዋን ጠጣች። "ሦስተኛው ከመጣ ግን ማን ሊያስኬደኝ ነው? እርስዎ ጡረታ ወጥተዋል።"

"ጡረታ የወጣሁት ከቢሮው ነው" አልኳት። "እስኪ ጫማሽን አውልቂ፣ ሶሉን ልየው።"